ማኅተሙን ሳይሆን ስድስት ወር ስጡት



ባለፈው ሰሞን መጋላ ውስጥ አንድ የምናውቃቸው ሐጂ መደብር ቁጭ ብለን ነበር። ሐጂ ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ያስመጣሉ። ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ የድሬ ሙቀት በረድ ብሎ የተዘጋው ሱቅ ሁሉ እንደገና የሚከፈትበት ሰዓት። አንድ ወጣት ክላሰር ይዞ ገባ። የሰፈር ልጅ ነው፤ በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ እናቱ ጤና ተጠየቀ፣ ሻይ ቀረበለት፣ ትንሽ አንገራገረና ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ሐጂ፣ አንዲት ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። እርስዎ ጋ ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት እንደሠራሁ የምትገልጽ። ጽሑፏን እኔው አዘጋጅቻታለሁ፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀራት።»

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ደመወዝህንም ጽፈሃል እኮ» አሉና ሳቁ። «ታዲያ ትንሽ ከፍ አታደርገውም ነበር አቦ!» መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ ማኅተሙን አወጡ፣ መቱለት። «አላህ ያግራልህ ልጄ» አሉት። ልጁ እጃቸውን ስሞ ወጣ።

እኛ ዝም አልን። ዝም ያልነው ስለደነገጥን እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን ሁለታችን ከዓመታት በፊት እንዲህ ዓይነቷን ደብዳቤ ለምነን እናውቃለን። አንዳችን አግኝቷታል፣ ሥራ ለማመልከትም ተጠቅሞባታል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከፍ ብለን ተቀምጠን በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አልጻፍነውም።

ዝም እንዳልን ሐጂ ወሬ ቀየሩ። የቫት ማሳወቂያ ዘግይቶባቸው ቅጣት መክፈላቸውን ነገሩን። ሒሳባቸውን የሚሠራላቸው ሰው በወር አንድ ቀን ከከዚራ ይመጣል፤ ሌሎች ብዙ ደንበኞች ስላሉት በዚህ ወር ቀረ። ደረሰኙ ሦስት ፌስታል ሞልቶ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። በእግራቸው ነካ አድርገው አሳዩን።

ሱብሓነላህ! ሒሳብ የሚሠራላቸው ሰው አጥተው የሚቀጡ ነጋዴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሒሳብ ሠራተኛ እንደነበራቸው የሚመሰክር ወረቀት ላይ ማኅተም መቱ። ልጁ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ሁለት ዓመት በዚያው ሱቅ በር ሲያልፍ ሲያገድም ኖሯል። ፌስታሎቹም እዚያው ነበሩ።

የልጁን ጭንቀት እንረዳለን። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ሁላችንም እናነባለን። «የመጀመሪያ ዲግሪና 2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። «በ0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውን ሰው ቁጥር አይታችኋል። የመውጫ ፈተናም አለ። መጀመሪያ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ያንን ሁሉ አልፎ ቴምፖውን በእጁ የያዘ ልጅ «ልምድ የለህም» ተብሎ ሲመለስ፣ ልምዱን ከየት ያምጣው? ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልገዋል፣ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ። በዚህ መሐል ማኅተም ያለው አጎት ወይም ጎረቤት ያለው ሰው መዞሩን ያቆማል፤ ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ማኅተም መቺውም ክፉ ሰው አይደለም። ሐጂ በልባቸው ሶደቃ የሰጡ ያህል ነው የተሰማቸው።

ግን ያቺ ወረቀት ምንድን ናት? ምስክርነት ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታላላቆቹን ወንጀሎች ሲዘረዝሩ ስለ ሐሰት ምስክርነት ሲደርሱ ተደግፈው ከነበሩበት ተነስተው መቀመጣቸውንና ደጋግመው ማስጠንቀቃቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ በደርስ ሰምተነዋል። ስንሰማው ግን ፍርድ ቤት የቆመ ሰው እንጂ ክላሰር የያዘ ተመራቂ አይታየንም። በዚያች ወረቀት ተቀጥሮ ስለሚበላው ደመወዝ ብይኑን ለዑለሞቻችን እንተዋለን። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ በዚያች ወረቀት ምክንያት ወረፋው የተወሰደበት ሌላ ልጅ አለ፤ ምናልባትም ማኅተም ያለው ዘመድ የሌለው የቲም ነው። የእሱን ሐቅ ማን ይመልሰዋል?

ዱንያዊውን እንኳ ብናይ ወረቀቷ እንደምናስበው አታዋጣም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ሲቀርብላቸው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። እውነተኛ ተቀጣሪ ደግሞ የጡረታ መዋጮ ይከፈልለታል፤ 7 በመቶ ከደመወዙ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። ፔይሮል ላይ ስሙ አለ። ሁለት ዓመት ሠርቶ በየትኛውም መዝገብ ላይ ዱካው የሌለ ሰው ቶሎ ይታወቃል። ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትም ሆነ መጠቀም በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል፤ ያም ቢሆን ሐጂንም ልጁንም ነው። ወረቀቷ ይህን ሁሉ ብታልፍ እንኳ ቃለ መጠይቅ አለ። «የባንክ ማስታረቂያ እንዴት ትሠራ ነበር? ፒችትሪ ትጠቀሙ ነበር ወይስ በእጅ?» ሲባል ክላሰሩ መልስ አይሰጥም።

እኛን የሚያሳዝነን ግን ሌላው ጉዳቱ ነው። የውሸቷ ደብዳቤ እውነተኛውን መንገድ ከዓይናችን ትጋርዳለች። ድሬዳዋ እኮ ሥራን በማየትና በመንካት ያስተማረች ከተማ ናት! ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ከተማዋ የበቀለችው በሐዲዱ ዳር ነው። አባቶቻችንና አያቶቻችን በሸሚንደፈሩ ወርክሾፕ ብረት መቅረጽንና መበየድን፣ ሞተር መፍታትንና መግጠምን የተማሩት ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆመው ነው። ፈረንሳይኛውንም የተማሩት እዚያው፣ ቁልፍና ብሎን እያቀበሉ ነው። በድሬ «የባቡር ልጅ» ሲባል ያለው ክብር ከዚያ የመጣ ነው።

ዛሬስ? ሥራው ከከተማዋ ጠፍቶ ይሆን? አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ላይ ነው። ደረቅ ወደብ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና የተመረቀው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ይህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚፈልገው ዕቃ ከመርከብ ወርዶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ወረቀቱን የሚያውቅ፣ የሚቆጥር፣ የሚመዘግብ፣ ደውሎ የሚከታተል ሰው ነው። ይህንን ደግሞ መጋላ ያሉ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች በየቀኑ ይሠሩታል። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከነዚህ ሱቆች ያለው በባጃጅ የአንድ ጉዞ መንገድ ነው።

አንድ ታሪክ እናስታውስ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መካ ላይ ያለውን ትቶ መዲና ሲገባ፣ ወንድም የተደረገለት ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ከሀብቱ ግማሹን ሊያካፍለው ፈለገ። ዐብዱረሕማን ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳዩት ጠየቀ። ቺዝና ቅቤ እየነገደ ጀመረ፤ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረን ስለ እሱ ኩራትና ትጋት ነው። የሰዕድንም በኩል አስቡት እስቲ። እንግዳው የፈለገው ገበያውን የሚያሳየው ሰው ነበር፣ አገኘም።

ስለዚህ ለነጋዴ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን የምንለው ይህ ነው፦ ቀጣዩ ልጅ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ተዉትና ስድስት ወር ስጡት። ጠረጴዛ ሥር ያሉትን ፌስታሎች አውጥታችሁ ስጡት።

«ደመወዝ ከየት አምጥቼ?» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ገበያው ከብዷል። ሙሉ ደመወዝ አላልንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለመለማመድ የሚደረግ ውልን ያውቃል። በጽሑፍ ይሁን፣ ምን እንደሚማር፣ ለስንት ጊዜና በምን ያህል ክፍያ እንደሆነ ይጻፍ። ቢያንስ የባጃጅና የምሳውን አትከልክሉት። ሲጨርስ የምትሰጡት ደብዳቤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በተለማማጅነት ይህንን ይህንን ሠርቷል» የሚል ይሁን። እንዲህ ያለችው ደብዳቤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት እንደ ሙሉ የሥራ ልምድ ላትቆጠር ትችላለች፣ አንደብቅም። ነገር ግን ስልክ ተደውሎ ሲጠየቅ የማትሸማቀቁባት ደብዳቤ ናት። ከዚያ በኋላ ከቀጠራችሁት ደግሞ በፔይሮል ይግባ። ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሠራበትን የሥራ ዓይነት፣ ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ በዚያው አዋጅ አሠሪው ላይ አለ። ያኔ ማኅተማችሁ ሐላል ቦታው ላይ ያርፋል።

አደራ ግን፣ ስድስት ወር ሻይ ሲያመላልስ የከረመ ልጅ ተለማማጅ አይባልም። ይህም በከተማችን አለ።

አሁን ወደናንተ፣ ወደ ተማሪዎቹ። ስድስት ወሩን ለመለመን እስክትመረቁ አትጠብቁ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያለው እያንዳንዱ ክረምት አለ። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓትም አለ። የድሬ ከሰዓት በኋላ ምን ላይ እንደሚያልቅ እኛም እናውቀዋለን፤ ስንት ጎበዝ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ በርጫ ላይ ስለሚከፍተው ድርጅት ሲያወራ አድሮ ቅዳሜ ጠዋት ረስቶታል። የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ይሰጣችኋል። ከእናንተ ስንቶቻችሁ ናችሁ ፎርሙን አስሞልታችሁ፣ ሎግቡኩን በአንድ ሌሊት ጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ያስረከባችሁት? የሐጂ መደብር ውስጥ ያየነው ነገር የሚለመደው እዚያ ላይ ነው።

ነጋዴ ዘንድ ስትሄዱ «ሥራ ካለ» ብላችሁ አትግቡ፤ «የለም» ይባላል። «የሦስት ወር ደረሰኝዎን በቀን ለይቼ ኤክሴል ላይ ላስገባልዎት» ብላችሁ ግቡ። ይህ ሰው የሚገባው ቋንቋ ነው። አስመጪ ጋ ስድስት ወር የከረመ ልጅ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ሲለያዩ ለምን ችግር እንደሚፈጥሩ ያውቃል። ቢል ኦፍ ሎዲንግ በማን ስም እንደሚወጣ፣ ዲክላራሲዮን ላይ የዕቃው ምድብ ሲሳሳት ቀረጡ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ሲቆይ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይቷል። ሲንግል ዊንዶው የሚባለው ሥርዓት ላይ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ ከጎን ሆኖ ተከታትሏል። ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሎጂስቲክስ የተማራችሁ ልጆች ይህንን በመማሪያ ክፍል በስሙ ታውቁታላችሁ፤ ሐጂ ግን በብር ያውቁታል።

ስለ ባንክም እናንሳ፤ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁን ነውና። ወለድ ያለበት ቦታ ላለመሥራት ብላችሁ አካውንቲንግ ተምራችሁ ቤት የተቀመጣችሁ አላችሁ፤ አላህ ኒያችሁን ይቀበላችሁ። ብሔራዊ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲቋቋም በር ከከፈተ በኋላ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ተከተለ፣ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። እዚያ ለመግባት ታዲያ መስገድ ብቻ አይበቃም። ሙራበሓ ምንድን ነው ብትባሉ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ባለቤት ሆኖ፣ ትርፉን አሳውቆ በክፍያ ጊዜ እንደሚሸጥ ማስረዳት አለባችሁ። የሙራበሓ ሥራ ዕቃና ደረሰኝ ማወቅን ይጠይቃል፤ ዕቃው በእርግጥ አለ ወይ? ኢንቮይሱ እውነተኛ ነው ወይ? አስመጪ ጋ የከረመው ልጅ ይህንን ገና ሳይቀጠር ለምዶታል።

ሲቪ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመናል። የድሬ ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይናገራል። ሐረሪ ጎረቤት ካለው አደርኛውንም ያክልበታል። መድረሳ የቀራ ከሆነ ዐረብኛ ማንበብ ይችላል። ሲቪው ላይ ግን «ቋንቋ፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል! ከጅቡቲ ጋር በስልክ የሚነጋገር ድርጅት ሶማልኛ የሚችል የሒሳብ ሠራተኛ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት የምታውቁት አልመሰለንም። የአባታችሁን ሱቅ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ስትጠብቁ መኖራችሁንም አትጽፉትም፤ «እሱ ሥራ አይደለም» ትላላችሁ። ዕቃ መቁጠር፣ ዱቤ መመዝገብ፣ የተቆጣ ደንበኛ ማብረድ ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጻፉት፤ የሠራችሁትን ያህል ብቻ፣ በትክክለኛ ስሙ። ኮምፒውተር ላይ ወደኋላ የቀራችሁ ካላችሁ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው ሥልጠና በነፃ ኦንላይን ይሰጣል፤ ስልክና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

እህቶቻችን ላይ መንገዱ እንደሚጠብ እናውቃለን። ወላጅ «ወንዶች የሞሉበት መጋዘን ምን ትሠሪያለሽ» ይላል። የእሱንም ስጋት አናቃልልም። ነገር ግን ቀፊራንና መጋላን ዞር ብላችሁ እዩ፤ ስንቱን የልብስና የጨርቅ ንግድ የያዙት እናቶቻችን ናቸው! ሒሳባቸውን በራሳቸው የያዙ፣ አንዳንዶቹም ፊደል ሳይቆጥሩ ስንት ሰው ስንት ዱቤ እንዳለበት በቃላቸው የሚያውቁ እናቶች። የተማረች ልጅ እነሱ ጋ ብትለማመድ ለአባት የሚከብድ ነገር የለውም፤ እናቲቱም ትገላገላለች። ቃለ መጠይቅ ስትሄዱም የሶላት ሰዓታችሁንና ሒጃባችሁን በተመለከተ የሚነገር ካለ መጀመሪያውኑ በረጋ አንደበት ተናገሩ። ወንዶቹም ጁምዓን እንደዚሁ። ከተቀጠሩ በኋላ ተደብቆ መውጣት አሠሪን ያስቀይማል፣ ለቀጣዩ ሙስሊም ተቀጣሪም በሩን ያጠባል።

«ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፣ ለምን ትጨነቃላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ በአላህ እጅ ነው። ለዚህም ነው በሐሰት ወረቀት ልናስቸኩለው የማይገባን።

ለነገሩ ሐጂን ያለፈው ቅዳሜ ሄደን አናገርናቸው። ይህንን ሁሉ ወሬ አላወራንም፤ ፌስታሎቹን አሳይተን «ያ ልጅ ለምን አይመጣም?» ብቻ አልን። ትንሽ ዝም አሉ። «ማኅተሙን መትቼለት የለ፣ አሁን ምን ብዬ ልጥራው?» አሉ። ስልኩን ሰጠናቸው፤ ደወሉ። «ና እስቲ፣ ያቺን ሥራህን ጀምር» አሉት እየሳቁ።

ሰኞ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው ሦስቱን ፌስታል መሬት ላይ ዘርግፎ ደረሰኙን በወር በወሩ መለየት ነበር። ዙህር እስኪደርስ አንዱን ፌስታል ብቻ ጨርሶ ሁለት መቶ ምናምን ደረሰኝ አገኘ፤ ከነሱ ውስጥ አሥራ አንዱ ቲን ቁጥራቸው የተሳሳተ ነበር። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩአቸው። ስለ ደብዳቤዋ እኛም አልጠየቅነውም፣ እሱም አላነሳም። ክላሰሩን ግን አልያዘም ነበር።